ስለ ዜማ መሣሪያና ስለ ሠሪው ስም

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ክራር የሰቀላችሁ ወይም ከቁም ሣጥናችሁ በላይ ጊታር ያጋደማችሁ እንደሆነ፣ ይህ ንግግር ሲፈጸም መሣሪያውን አውርዳችሁ ወደ ውስጡ እንድትመለከቱ አስቀድሜ እለምናችኋለሁ። እንድትፈልጉ የምለምናችሁ የሠሪውን ስም ነው። ስሙን ያገኘ ሰው ደስ ይበለው፤ ያላገኘም ለምን እንዳላገኘ ከእኔ ጋር ጥቂት ያስብ።

ይህን አሳብ በልቤ ያሳደረው፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በመንግሥት ሥራ ወደ ነቀምት ተዛውሬ ሳለሁ ያየሁት አንድ ጊታር ነው። ነቀምት ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ዝናብ የማይነፍጋት ከተማ መሆኗን የምታውቋት ታውቃላችሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይተን አብረን የምንኖር የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው የገዛው ጊታር ነበረው። ጊታሩ በከተማው ውስጥ በመዘምራንና በወጣቶች እጅ ከምናያቸው ጊታሮች ጋር አይመሳሰልም ነበር። የእነዚያ ደረት እንደ ሳንቃ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ የዚህኛው ደረት ዝቅ ያለ አክንባሎ ይመስል ቀስ ብሎ ወደ ላይ የጎበጠ ነው። በመካከሉ ክብ ቀዳዳ የለውም፤ በግራና በቀኙ ግን በላቲን ፊደል «ኤፍ» አምሳል የተቀደዱ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉት። ባልደረባዬም «ዝናብ መትቶት ያበጠ መስሎኝ ዋጋውን አስቀንሼ ገዛሁት» እያለ ይስቅ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ጊታር በእንግሊዝኛ አርክቶፕ ይባላል፤ እኛ ባለ ቅስት ደረት ጊታር ብንለው ከትርጓሜው አንርቅም። አጀማመሩንም ባጭሩ ልንገራችሁ፤ የውጭ አገሩን ታሪክ ሳወሳ የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ኦርቪል ጊብሰን በ1856 የተወለደ፣ በአሜሪካ አገር በሚሺጋን፣ በካላማዙ ከተማ የሚሠራ ባለ እጅ ነበር። ይህ ሰው፣ ቫዮሊን ሠሪዎች ደረቱን ከወፍራም እንጨት እየፈለፈሉ ቅስት እንደሚያወጡለት አይቶ፣ ማንዶሊንንና ጊታርን በዚሁ ዘዴ ለመሥራት ተነሣ። በ1898 ስለ ማንዶሊን አሠራሩ የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በ1902ም ስሙን የተሸከመ ኩባንያ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ሎይድ ሎር የሚባል የድምፅን ጠባይ የሚመረምር ሙዚቀኛ ከ1919 እስከ 1924 በኩባንያው ውስጥ ሠርቷል። በእርሱም ጊዜ፣ በ1922፣ «ኤል ፋይቭ» የተባለው፣ ባለ ቅስት ደረትና ባለ ሁለት የኤፍ ቀዳዳ ጊታር ወጣ። ኋላ የመጡት ሠሪዎች ሁሉ አርአያ ያደረጉት ይህን ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ የመሣሪያው ምሥጢር ያለው እዚያ ነውና። ለደረቱ የሚመረጠው ስፕሩስ የሚባል፣ ጭረቱ ቀጥ ያለና ቀላል እንጨት ነው፤ ከእኛ ዛፎች መካከል በወገን የሚቀርቡት ጥድና ዝግባ ናቸው። ለጀርባውና ለጎኑ ደግሞ ሜፕል የሚባለው ጠንካራ እንጨት ይወሰዳል። ሠሪው አንዱን ጉማጅ እንደ መጽሐፍ ለሁለት ይከፍትና ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ያጣብቃል፤ ስለዚህ በግራ ያለው ጭረት በቀኝ ካለው ጋር እንደ መስተዋት ይተያያል። ቀጥሎ ከላይም ከታችም በመሮና በመላጊያ እየፈለፈለ፣ አንድ ጣት ያህል ውፍረት የነበረውን እንጨት በመካከሉ ወደ 6፣ በዳሩ ወደ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል። ከገዛው እንጨት የሚበልጠው ክፍል ፍቅፋቂ ሆኖ ወለል ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ነገር ግን መለኪያው ብቻ አይበቃም። ሁለት እንጨቶች ከአንድ ዛፍ ቢወጡ እንኳ ጠባያቸው አንድ አይሆንም፤ አንዱ ይጠነክራል፣ ሌላው ይለሰልሳል። ስለዚህ ሠሪው ጥቂት ይፍቅና ያቆማል፤ እንጨቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ በሌላው እጁ ያንኳኳዋል፤ ያዳምጠዋል፤ ደግሞ ይፍቃል። ብዙ ቢተው ድምፁ ይታፈናል፤ ብዙ ቢፍቅ ደረቱ በጅማቶቹ ጭነት ይሰምጣል። መቼ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ጆሮው ነው። ፋብሪካ ሳንቃ በማተሚያ ተጭኖ ጎባጣ ደረት ማውጣት ይችላል፤ አውጥቶም ብዙ ሕዝብ በርካሽ ዋጋ እንዲጫወት አድርጓል። ሆኖም ማተሚያው የእያንዳንዱን እንጨት ድምፅ አዳምጦ አያቆምም። የእጅ ሥራው ልዩነት ይኸው ነው።

የጅማቶቹም አያያዝ ለየት ይላል። በጠፍጣፋው ጊታር ጅማቶቹ በደረቱ ላይ ከተጣበቀው ብርኩማ ጋር ይታሰራሉ። በባለ ቅስቱ ግን ብርኩማው አልተጣበቀም፤ ጅማቶቹ በላዩ ተሻግረው ከጊታሩ ግርጌ ላይ ከተያያዘው ብረት ጋር ይታሰራሉ፤ ብርኩማውንም ወደ ታች እየተጫኑ ያጸኑታል። ከዚህ የተነሣ ድምፁ ቶሎ ይነሣል፤ ጥርት ብሎ ይመታል፤ ብዙም ሳያስተጋባ ይከተታል። ማጉያ መሣሪያ ባልተስፋፋበት ዘመን፣ በመለከትና በከበሮ መካከል ተቀምጦ ሊሰማ የሚችል ጊታር ይህ ነበር። ፍሬዲ ግሪን የሚባለው ጊታረኛ ከ1937 እስከ ሞተበት እስከ 1987 ድረስ በካውንት ቤዚ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ይህን የመሰለ ጊታር ሲመታ ኖሯል። ብቻውን ወጥቶ መታየትን አልፈለገም፤ ሥራው የጓዱን ምት መጠበቅ ነበር። የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ዋጋ እናውቃለን፤ ሲኖር አይታይም፣ ሲቀር ግን ሁሉም ይናጋል።

እንግዲህ ሰብሳቢዎች ለዚህ ጊታር ብዙ አሥር ሺሕ ዶላር የሚከፍሉት ስለ ምንድን ነው? የእንጨቱ ውበትና የድምፁ ጥራት አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን በኤፍ ቀዳዳው በኩል ሲታይ በውስጡ የሚነበበው ቁራጭ ወረቀት ነው። ሎይድ ሎር ተመልክቶ ባሳለፋቸው መሣሪያዎች ውስጥ ፊርማውንና ቀኑን ያኖር ነበር፤ ዛሬ ያ ፊርማ የመሣሪያውን ዋጋ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። በ1905 በኒው ዮርክ የተወለደው የኢጣልያ ስደተኞች ልጅ ጆን ዳንጀሊኮ፣ በ1932 የራሱን ሱቅ ከፍቶ፣ በ1964 እስኪሞት ድረስ የሠራቸውን ጊታሮች ቁጥር እየሰጠ በመዝገብ አስፍሯል፤ ጠቅላላውም 1,164 ነው ይባላል። የእርሱ ረዳት የነበረው ጄምስ ዳኪስቶ መምህሩ ሲሞት ሙያውን ወረሰ፤ በራሱም ስም ሠርቶ በ1995 አለፈ። የሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2011 የእነዚህን ባለ እጆች ሥራ በትልቅ ትርኢት ለሕዝብ አሳይቷል። በትርኢቱ የተከበሩት ጊታሩን የመቱት ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ የፈለፈሉትም ጭምር ነበሩ።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ስኮት ቺነሪ የሚባል አሜሪካዊ ሰብሳቢ 22 ሠሪዎችን መርጦ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ባለ ቅስት ደረት ጊታር አዘዘ። ስፋቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ቀለሙም ለሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። ሥራው ሲሰበሰብ ግን አንዱ ጊታር ሌላውን የማይመስል ሆኖ ተገኘ፤ ስብስቡም በ1997 በዋሽንግተን በስሚትሶንያን ሙዚየም ለሕዝብ ታየ። ትእዛዙ አንድ ሆኖ ሳለ ሥራው የተለያየው እጁና ጆሮው የተለያየ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ነቀምት ልመልሳችሁ። በዚያ አገር በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ይወርዳል፤ በክረምት ልብስ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይሻግታል። በሐምሌ ወር ባልደረባዬ የጊታሩ ድምፅ የታፈነ መሰለው። እርሱም በልጅነቱ ያየውን አሰበ፤ የከበሮ ቆዳ በክረምት ሲላላ እሳት ዳር ይቀመጣል፣ የክራርም ቆዳ እንዲሁ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ቆዳውን ይወጥረዋል፣ ድምፁም ይመለሳል። ስለዚህ ጊታሩን ከሰል ከተያያዘበት ምድጃ አጠገብ አቁሞ ተኛ። ቆዳና እንጨት ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። እርጥበት የጠጣ እንጨት በድንገት ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ መሄጃም ሲያጣ ይሰነጠቃል። ሲነጋ የጊታሩ ጀርባ ከጎኑ ተላቅቆ፣ ደረቱም አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቆ አገኘነው።

ምንም ብናዝን መፍትሔ የሚሰጠን ሰው ስንፈልግ፣ ከገበያው በታች የዋንዛ በርና መስኮት የሚሠሩ፣ ሲታዘዙም ክራር የሚያበጁ አንድ አዛውንት አናጢ መኖራቸውን ሰማን። ጊታሩን በነጠላ ጠቅልለን ሄድን። ኦቦው ተቀብለው በጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፤ ስንጥቁን ግን ወዲያው አልተመለከቱም። በጣታቸው አጥንት ደረቱን ከመካከል ጀምረው እስከ ዳር ድረስ እያንኳኩ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ከዚያም «ይህን የሠራው ሰው ሲፍቅ ያዳምጥ ነበር» አሉ። ስለ ካላማዙ፣ ስለ ቫዮሊንም ማንም አልነገራቸውም። ይህን ያወቁት ራሳቸውም የክራርን ገበቴ ሲፈለፍሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ጀርባውን በጋለ ቢላዋ ቀስ እያሉ ፈጽመው ሲከፍቱት፣ ውስጡ ታየ። የመሮው ዱካ እንደ ሥጋ ጅማት ተሰልፎ ይታያል፤ በየቦታው ውፍረቱን የሚያመለክት ቁጥር በእርሳስ ተጽፏል፤ ከጀርባውም ላይ ወረቀት ተለጥፎ የሠሪው ስም፣ የጊታሩ ቁጥርና ዓመቱ ሰፍሯል። ስሙ ቀደም ሲል ከጠራኋቸው ስመ ጥሮች አንዱ አልነበረም። ኦቦው እንድናነብላቸው ጠየቁን። ስሙን አነበብን። «ቁጥሩስ?» አሉ፤ ቁጥሩንም ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ ስንት እንደ ሠራ ያውቃል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ክራር እንደ ሠራሁ አላውቅም። የት እንዳሉም አላውቅም፤ እነርሱም እኔን አያውቁኝም።»

ከስንጥቁ ሥር ትናንሽ የእንጨት ቁራጮች በኮላ ለጥፈው ደገፉት፤ ኮላውም ከከብት ቆዳ የሚፈላው የቀድሞው ዓይነት ነበር። ታላላቆቹ ጊታር ሠሪዎችም ይህንኑ የቆዳ ኮላ ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ስለሚለቅቅ፣ መሣሪያው ለጥገና ሊከፈት ይችላል። ጀርባውን መልሰው ዘግተው በገመድ አሰሩት፤ በሳምንቱም ጊታሩ ድምፅ ሰጠ። የጠየቁንም የሁለት ቀን የአናጢ ዋጋ ብቻ ነበር። እኔም በዚያው ቀን ከእጃቸው አንድ ክራር ገዛሁ።

አድማጮቼ ሆይ፣ አሁን የምናገረው ጥፋት የራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ሳለሁ፣ ክራሩን የሰማ አንድ እንግዳ ድምፁን አድንቆ «ማን ሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትሁ፤ ስም ግን አልነበረኝም። እኛ «ኦቦ» እያልን ስናከብራቸው፣ ስማቸውን አንድ ቀን አልጠየቅንም። የማያውቁትን የባዕድ ሰው ስም አነበብንላቸው፤ የእርሳቸውን ግን አልጻፍንም። ስለ ስም የተናገሩትን ያንን ቃል በጆሮአችን ሰምተን ሳለ እንኳ ልብ አላልንም። ወደ ነቀምት ሰው ልኬ ባስጠይቅ፣ ሱቁ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ ተነገረኝ። ክራሩ ዛሬም በግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።

ከነቀምት እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ እስከ ጊምቢና ነጆ ባሉት የወለጋ ከተሞች የክራርን ድምፅ የማያውቅ የለም። አሠራሩም ቀላል የሚመስለው ላላየው ነው። ገበቴው ከአንድ ጉማጅ ይፈለፈላል፤ ለዚህም በኦሮምኛ ዋዴሳ የሚባለው ዋንዛ፣ ለመሮ የሚታዘዝና የማይከብድ በመሆኑ ይመረጣል። በላዩ እርጥብ ቆዳ ይወጠራል፤ ቆዳው ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ሁለቱ ምሰሶዎች ይቆማሉ፤ በላያቸው ቀንበሩ ይጋደማል፤ አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ከግርጌ ተነሥተው በብርኩማው ላይ ተሻግረው በቀንበሩ ላይ ይታሰራሉ። አስተውሉ፤ አውታሩ ብርኩማውን እየተጫነ የሚያጸናው በዚህም እንደ ባለ ቅስቱ ጊታር ነው። ቀድሞ አውታሩ የከብት ጅማት ነበር፤ ዛሬ ናይሎን ወይም ሽቦ ነው። በአሁኑ ጊዜም የጊታር መቃኛ ብረት የተገጠመላቸው ክራሮች ይታያሉ፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ጎረቤታሞች ሆነዋል።

አንድ ክራር እንዲኖር ሦስት ባለ እጆች ይተባበራሉ። አናጢው እንጨቱን ይፈለፍላል፤ ቆዳ ፋቂው ቆዳውን ያለፋል፤ በወለጋ ቱምቱ የሚባለው ቀጥቃጭ መሮውንና ቢላዋውን ይቀጠቅጣል። ከእነዚህ መካከል ቆዳ ፋቂውና ቀጥቃጩ በዚያም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ለብዙ ዘመን በሙያቸው ሲናቁ የኖሩ ናቸው። በ1900 ዓመተ ምሕረት ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ በአዋጅ ተከለከለ፤ ስም አለመጠየቅ ግን በአዋጅ የሚከለከል ነገር ስላልሆነ፣ እስከ ዛሬ በቤታችን አለ። በ2004 ዓመተ ምሕረት ያረፈችውን አስናቀች ወርቁን የክራር ንግሥት ብለን እናስባታለን፤ ይገባታልም። ነገር ግን ከመካከላችን የክራሯን ሠሪ ስም የሚጠራ ስንት ሰው ይገኛል?

ምናልባት አንዳንድ አድማጭ «ስምን በሥራ ላይ መጻፍ ትዕቢት ነው፤ የእኛም ልማድ አይደለም» ይል ይሆናል። መልሴ ሩቅ አይደለም። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ብትገልጡ፣ ጸሐፊው ከፍጻሜው ላይ ስሙን ጠርቶ አንባቢ እንዲጸልይለት ሲለምን ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ልማዱ አለን፤ ለብዕር ሰጥተን ለመሮ መንፈጋችን ነው። ደግሞም በየመሥሪያ ቤታችን ፊርማ የሌለበት ደብዳቤ ቢመጣ ወደ መጣበት እንመልሳለን፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው የለምና። ስም ከምስጋና ይልቅ ኃላፊነትን ያመጣል። ስሙን የጻፈ ሠሪ እርጥብ እንጨት ከመጠቀም ይጠነቀቃል፤ መሣሪያው ሲሰበር ወደ ማን እንደሚወሰድ ይታወቃል፤ ደቀ መዝሙሩም የመምህሩን ሥራ ለይቶ አይቶ ይማርበታል። ዳኪስቶ ዳንጀሊኮን መከተል የቻለው አጠገቡ ስለ ነበረ ነው፤ ሁለቱን ያላዩ የዛሬ ሠሪዎች ደግሞ የሚማሩት ስም ካለባቸው ጊታሮቻቸው ነው።

ስለዚህ ከመለያየታችን በፊት ጥቂት ምክር ልስጥ። ክራር፣ ማሲንቆ ወይም በገና ስታሠሩ፣ ሠሪው ቆዳውን ከመወጠሩ በፊት በገበቴው ውስጥ ስሙን፣ ከተማውንና ዓመተ ምሕረቱን እንዲጽፍ ለምኑት፤ መጻፍ የማይችል ቢሆን እየነገራችሁ ጻፉለት። ያረጀ መሣሪያ ያላችሁም አዲስ እንዲመስል ብላችሁ ቀለም አትቀቡት፤ የቀድሞው ቅብ ሲፋቅ ውበቱም ዋጋውም ይቀንሳል። ጊታራችሁንም ከምድጃና ከፀሐይ አርቃችሁ፣ ከጭቃ ግድግዳም ጥቂት ፈቀቅ አድርጋችሁ በማኅደሩ አኑሩት። ነቀምት ውስጥ የወለጋ ሙዚየም የሕዝቡን የባህል ዕቃዎች ሰብስቦ ይዟል፤ በአዲስ አበባም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። ለእነዚህ ስፍራዎች መሣሪያ የምታበረክቱ ሁሉ፣ ከዕቃው ጋር የሠሪውን ስም ጭምር አስረክቡ።

ስመ ጥሩ ጊታር በብዙ ሺሕ ዶላር ይገዛ፤ ለእርሱ ሰብሳቢ አለለት። የእኛ ክራር ግን ብዙ ጊዜ የሠሪው ዕድሜ ሳያልቅ ስሙ ያልቃል። በግድግዳዬ ላይ ካለው ክራር ጋር ስተያይ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ይህ ነው። ከእናንተ መካከል በነቀምት ከገበያው በታች የዋንዛ በር ይሠሩ የነበሩትን፣ እንጨትን በጣታቸው እያንኳኩ የሚያዳምጡትን አዛውንት አናጢ የሚያውቅ ቢኖር፣ ስማቸውን ይንገረኝ። በክራሩ ውስጥ፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ እጽፈዋለሁ።